ዳቦ የሚጋግር ሣጥን

የእትዬ ልጅ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የእማዬ እጅ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ለፋሲካ ድፎ አልደፋም አለችኝ እኮ! ዳቦ የሚሠራ ማሽን ልልክላት ነው፤ እርስዎ ማንበብ ስለሚወዱ የቱ እንደሚሻል ይምረጡልኝ» አለች።

ታላቅ እኅቴ ከአርባ ዓመት በላይ በየዓመት በዓሉ ሦስት ኪሎ ዱቄት አብኩታ፣ አሽታ፣ በኮባ ጠቅልላ ድፎ ስትደፋ የኖረች ሴት ናት። የእሷ ድፎ ያልተቆረሰበት በዓል በቤታችን እንደ በዓል አይቆጠርም። ዛሬ የጣቶቿ አንጓዎች አብጠው የጠርሙስ ክዳን መክፈት እንኳ ያስጨንቃታል። ስለዚህ «እሺ፣ እመርጥልሻለሁ» አልኩ። ሦስት አራት ማሽን አስተያይቼ በአንድ ምሽት የምገላገለው ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

አልሆነም። አንዱ ሠሪ «እንደ እጅ ያሻል» ብሎ ይመካል፤ ሌላው «እርሾውን ራሱ በሰዓቱ ይጨምራል» ይላል፤ ሦስተኛው ሁለት ማሻ አለኝ ይላል። እያንዳንዱ ትምክሕት ከየት እንደ መጣ ካላወቅሁ በምን ሚዛን ላወዳድር? እንዲህ እያልኩ ከዋጋ ዝርዝር ወደ ታሪክ ገባሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከማሸት ነው። የስንዴ ዱቄት ውኃ ሲነካው ግሉተን የሚባለው ነገር ይፈጠራል፤ ሲታሽ ደግሞ ክር ለክር እየተያያዘ እንደ ፊኛ የሚለጠጥ መረብ ይሆናል። እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በዚያ መረብ ውስጥ ሲታሰር ሊጡ ኩፍ ይላል። መረቡ ካልጠነከረ ጋዙ ያመልጥና ዳቦው እንደ ጡብ ደርቆ ይቀራል። በዳቦ ሥራ ውስጥ የሰውን ክንድ የሚጨርሰው፣ የእትዬንም አንጓ የበላው ይኸው ማሸት ነው። ፈልሳፊዎችም ከምድጃው ይልቅ እዚህ ላይ ቢረባረቡ አያስገርምም።

ከእነርሱ አንዱ ጆሴፍ ሊ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በ1849 በደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ተወለደ፤ በልጅነቱ ዳቦ ቤት ሠርቷል፤ በኋላ በማሳቹሴትስ በኒውተን ከተማ የታወቀ ሆቴል ባለቤት ሆነ። በ1894 ሊጥ ለሚያሽ ማሽን፣ በማግሥቱ በ1895 ደግሞ ያደረ ዳቦ ለሚፈረፍር ማሽን የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሁለተኛው የሆቴል ሰው ሐሳብ መሆኑ ያስታውቃል፤ ለመጣያ የሚሄደውን ዳቦ አይቶ አንጀቱ ያረረ ሰው ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚያስበው። የአሜሪካ የፈልሳፊዎች የክብር መዝገብ ስሙን ያሰፈረው ግን በ2019 ነው፤ ሰውዬው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ።

የሊ ማሽን ለሆቴልና ለዳቦ ቤት ነበር። ወደ እመቤቶች ማዕድ ቤት የገባው ሌላ ነው፤ በኮኔቲከት የኒው ብሪተን ከተማ ላንደርስ፣ ፍሬሪ ኤንድ ክላርክ የሚባል ድርጅት ያወጣው «ዩኒቨርሳል» የተሰኘ ባልዲ። ከጠረጴዛ ጋር ይታሰራል፤ በላዩ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ሲዞር በውስጡ የተቆለመመ ብረት ሊጡን ያሻል። በ1904 በሴንት ሉዊስ የዓለም ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳይ አግኝቷል። ክዳኑ ላይ መመሪያው በብረቱ ላይ ተቀርጾበታል፦ መጀመሪያ ፈሳሹ፣ ከዚያ ዱቄቱ፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ማዞር። መመሪያው የሚጠፋ ወረቀት አለመሆኑ ደስ ይላል። የእኛን ዘመን ዕቃ መመሪያማ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይጣላል።

ባልዲው አሸ እንጂ አልጋገረም። ክንዱም ያው የሰው ክንድ ነው፤ ብቻ ከመግፋት ወደ ማዞር ተዛወረ። ሳህኑ፣ ምድጃውና ሰዓቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ እስኪታጨቁ ድረስ ሌላ ሰማንያ ዓመት አስፈልጓል። በመካከሉ አንድ አስፈላጊ ነገር መጣ፤ ደረቁ እርሾ። ፍላይሽማን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሠራዊት ብሎ በጥራጥሬ መልክ አደረቀው። ያለዚህ ዱቄት መሳይ እርሾ ዳቦ ማሽን የሚባል ነገር ከንቱ ነው። እትዬ በማሰሮ ያኖረችው የከረመ እርሾ ዛሬ ፈጣን፣ ነገ ሰነፍ ነው፤ የእሱን ጠባይ የምታውቀው እሷ ናት። ማሽን ግን ጠባይ ማጥናት አያውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቀርብለት ነገር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ኦሳካ እንሂድ። ዛሬ ፓናሶኒክ የምንለው ድርጅት ያኔ ማትሱሺታ ኤሌክትሪክ ይባል ነበር። በ1983 ሦስት የሥራ ክፍሎቹን በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበ፦ ሩዝ ማብሰያ የሚሠራውን፣ ዳቦ መጥበሻን የመሰሉ የማሞቂያ ዕቃዎች የሚያወጣውን፣ እንዲሁም መፍጫ የሚሠራውን። አስተውሉ፤ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ቁጥጥር ያውቃል፣ ሁለተኛው ሙቀት ያውቃል፣ ሦስተኛው ሞተር ያውቃል። የሦስቱ ልጅ ምን ሊሆን ነው? ዳቦ ጋጋሪ ሣጥን።

ሣጥኑ ግን አልጋግር አለ። ውጭው ያራል፤ ውስጡ ጥሬ ነው። መሐንዲሶቹ የማሽኑን ሊጥና የባለሙያ ሊጥ በኤክስ ሬይ እስከ ማንሣት ደርሰው የረባ ነገር አላገኙም። በ1985 ኢኩኮ ታናካ የምትባል የሶፍትዌር ባለሙያ ሌላ ሐሳብ አመጣች። በከተማው በዳቦው የታወቀው ኦሳካ ኢንተርናሽናል ሆቴል ነበርና እዚያ ሄዳ የዋና ጋጋሪው ተለማማጅ ሆነች። ከብዙ ልፋት በኋላ አንድ ቀን ጋጋሪው ሊጡን ከመዘርጋቱ በተጨማሪ እየጠመዘዘ እንደሚስበው ዓይኗ ያዘው። ሰውዬው ራሱ ይህን በቃል አልነገራትም፤ እጁ ያውቃል፣ አፉ ግን አያውቅም። ከመሐንዲሶቹ ጋር ሆና ይህን እንቅስቃሴ ለመተካት በሳህኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሸንተረር መሳይ ጎድኖች እንዲበጁ አደረገች፤ ሊጡ ሲሽከረከር በእነሱ ተይዞ ይለጠጣል።

ሌላው ችግር የበጋው ሙቀት ነበር። የኦሳካ በጋ ሊጡን ከልክ በላይ ያቦካዋል። ማቀዝቀዣ ይግጠም ቢባል ዋጋው ሰማይ ይነካል። በመጨረሻ ያገኙት ዘዴ እርሾውን ከመጀመሪያው አለመጨመር ነው፤ ማሽኑ እያሸ ቆይቶ በመካከል ከትንሽ ሣጥን ይነሰንሰዋል። ዛሬም በፓናሶኒክ ማሽኖች ክዳን ላይ የሚታየው የእርሾ ኪስ የዚያ በጋ ውላጅ ነው። ማሽኑ በ1987 በ36,000 የን ዋጋ ገበያ ወጣ፤ በመጀመሪያው ዓመት 536,000 ተሸጠ። ሩዝ በሊታ በሚባል አገር!

የታናካን ታሪክ ለዓለም ያሰማው ኢኩጂሮ ኖናካ የተባለ የአስተዳደር ሊቅ ነው፤ በ1991 በጽሑፍ፣ በ1995 ከሂሮታካ ታኬውቺ ጋር በመጽሐፍ። ትምህርቱ ባጭሩ፣ በሰው እጅ ውስጥ የተሸሸገ ዕውቀት ተፈልፍሎ ወጥቶ በማሽን ሊቀመጥ ይችላል የሚል ነው። ያማረ ታሪክ ነው፤ በንግድ ትምህርት ቤቶች እንደ ተረት ሲተረክ ኖረ። እኔም ሳነበው ልቤ ተነካ። የእትዬ እጅ እንዲህ ሊተርፍ ይችላል ማለት ነው አልኩ።

ግን በ2007 ሮድሪጎ ሪቤሮና ሃሪ ኮሊንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን እንደገና መረመሩት። የጋጋሪውን ሥራ በአንድ ወገን፣ የማሽኑን በሌላ ወገን አስቀምጠው ደረጃ በደረጃ አስተያዩ። ያገኙትም የጋጋሪው ዕውቀት ማሽኑ ውስጥ አለመግባቱን ነው። ማሽኑ የተረከበው ሁልጊዜ በአንድ መልክ የሚደገመውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የቀረው ወዴት ሄደ? የተወሰነው ዱቄቱን አንድ ወጥ አድርጎ በሚፈጨውና እርሾውን በሚያደርቀው ፋብሪካ ተተክቷል፤ የተወሰነውን ደግሞ ባለቤቷ ትሞላዋለች። ውኃ የምትለካ፣ ሊጡ ሲቀጥን ማንኪያ ዱቄት የምትጨምር፣ ዳቦው «ዳቦ ሆነ» ወይም «አልሆነም» ብላ የምትፈርድ እሷ ናት። ለእኔ እነዚህ ሰዎች ልክ ናቸው። ሆኖም ታናካን አያሳንሳትም፤ ዕውቀት ፍለጋ ወደ ጋጋሪው ሄዳ ጎንበስ ብላ የተማረች መሐንዲስ በየትኛውም አገር ብርቅ ናት።

ይህን ሳስብ የራሳችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ትዝ አለኝ። ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት የሚበላ ቢሆንም እንጨቱንና ጭሱን አስቀርቷል፤ የሴትዮዋን እጅ ግን አልነካም። ማቡካቱ፣ አብሲቱ፣ ዙሪያውን እየጠበቡ ማፍሰሱ ሁሉ ከእሷ ጋር ቀረ። ጃፓኖቹ እጁንና እሳቱን በአንድ ሣጥን ሲዘጉ እኛ እሳቱን ብቻ ለወጥን። አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችንማ ይባስ ብለው ለሌላ ሕዝብ የተሠራ ዕቃ ወሰዱ። የእትዬ ልጅ እንጀራ የምትጋግርበት ክብ ምጣድ በአዮዋ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ከሚገኝ ድርጅት የወጣ ነው፤ የታሰበውም ከኖርዌይ ለመጡ ሰዎች ሌፍሰ ለሚባል የድንች ቂጣ ነበር። አርባ ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ለእንጀራ ተስማማ። ኖርዌያውያኑ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

የዳቦ ማሽኑን ለእንጀራ ወይም ለጤፍ ዳቦ ማሰብ ግን አይሆንም፤ ጤፍ የስንዴው ግሉተን የለውም፣ የሚለጠጥ መረብ አይሠራም። ጃፓኖች ራሳቸው በሩዝ ይህ ገጥሟቸዋል። ሳንዮ በ2010 መጨረሻ ጥሬ ሩዝ ፈጭቶ ዳቦ የሚያደርግ «ጎፓን» የተባለ ማሽን ሲያወጣ ገዢው ስለ በዛበት ትእዛዝ መቀበል ለጊዜው እስከ ማቆም ደረሰ። ግን እዚያም ቢሆን በተለመደው አሠራር ሩዙ ላይ ግሉተን ይጨመራል።

እንግዲህ ወደ ምርጫዬ። ለልጅቱ የጻፍኩላት ይህን ነው። አንደኛ፣ ከአሜሪካ ሱቅ አትግዢ፤ የእነሱ 120 ቮልት፣ የጃፓን 100 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው፤ በእኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ያን ዕለት ይቃጠላል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ይገዛ። ሁለተኛ፣ መብራት ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ሲመጣ ካቆመበት የሚቀጥል ይሁን፤ አንዳንዶቹ እስከ አሥር ደቂቃ ያስታውሳሉ፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ከሁለት ማሻ ይበልጣል። የእርሾ ኪሱም ጥሩ ነው፤ ግን እንደ ኦሳካ የሚያቃጥል በጋ ስለሌለን ለእሱ ብለሽ ብዙ ገንዘብ አትጨምሪ። ሁለት ማሻ ያለው፣ ዳቦውን ረዘም አድርጎ የሚያወጣው የዞጂሩሺ ማሽን አምሮኝ ነበር፤ ስሙ በጃፓንኛ የዝሆን ምልክት ማለት ነው አሉ፤ ዋጋውም እንደ ዝሆኑ ነው።

ከመላኬ በፊት እትዬ ቤት ሄጄ ነገሩን አስረዳኋት። ስለ ታናካ ስነግራት በጣም ደስ አላት። «እኔን ለመለማመድ ማንም አልመጣም» አለች፤ ቀልድ ይሁን ቅሬታ አላወቅሁም። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።

«ስንት ኪሎ ይይዛል?»

«ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው፤ ከፍ ቢልም ስድስት መቶ ግራም።»

«በስንት ሰዓት ያወጣዋል?»

«አራት ሰዓት ገደማ።»

በጣቷ ቆጠረች። የእሷ ድፎ ሦስት ኪሎ ነው፤ ስድስት ጊዜ ሲመላለስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት። የሚወጣውም ከሥሩ የማሻው ቀዳዳ ያለበት ስድስት ጡብ እንጂ ከላይና ከታች ፍም የበላው ድፎ አይደለም። ኮባውስ የት ሊገባ ነው?

«መጋገሩን ይተውልኝ። ማሸቱን ብቻ ይሠራ የለም?» አለች።

አለ። ሁሉም ማሽን ማለት ይቻላል ሊጥ ብቻ አሽቶ አቡክቶ የሚያቆምበት ቁልፍ አለው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እኔ ስንት ሌሊት ሳነብ እዚያ ቁልፍ ላይ ዓይኔን አላሳረፍኩም ነበር። በደብዳቤዬ ግርጌ ሦስተኛ ብዬ ጨመርኩት፤ «ሊጥ ብቻ የሚለው ቁልፍ ይኑረው፤ ሳህኑ ትልቅ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።» እትዬ የኮባ ቅጠሉን ከማን ጊቢ እንደምታስቆርጥ ማውራት ጀምራለች።