የአሜሪካን የስደተኞች ማቆያዎች ማን ይቆጣጠራል?

በአሜሪካ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ተይዞ ማቆያ የገባ ሰው የወንጀል ቅጣት እየፈጸመ አይደለም። ጉዳዩ እስኪወሰን ወይም ከአገር እስኪወጣ ድረስ የሚቆይበት አስተዳደራዊ እስር ነው። ይሁን እንጂ አጥሩም ቁልፉም ከእስር ቤት ብዙ አይለይም፤ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ተነሥተው በደቡብ አሜሪካና በሜክሲኮ በኩል የደረሱ ወገኖቻችንም በእነዚህ ማቆያዎች አልፈዋል። ታዲያ በውስጥ የሚደረገውን ማን ያያል? ያየውስ ምን ማድረግ ይችላል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ማቆያዎቹና መመዘኛዎቹ

ማቆያዎቹ የሚመሩት በአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር ሥር በ2003 በተቋቋመው የኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ «አይስ» በሚባለው ነው። አብዛኞቹ ተያዦች ግን ያሉት እንደ ጂኢኦ ግሩፕና ኮርሲቪክ ያሉ የግል ኩባንያዎች በውል በሚያንቀሳቅሷቸው ቦታዎች ነው። ሌሎቹ በካውንቲ እስር ቤቶች ይያዛሉ።

አይስ ስለ ሕክምና፣ ምግብ፣ ጉብኝትና አምልኮ ያወጣቸው የአያያዝ መመዘኛዎች አሉት፤ በስፋት የሚጠቀሰው የ2011ዱ ነው። መመዘኛዎቹ ምክር ቤት ያወጣቸው ሕጎች አይደሉም። ማቆያውን የሚያስገድዱት በውሉ ውስጥ ሲካተቱ ነው።

ተቆጣጣሪዎቹ እነማን ናቸው?

የመጀመሪያው ራሱ አይስ ነው፤ በሠራተኞቹና በተኮናተሩ መርማሪዎች ማቆያዎቹን ይመዝናል። በሁለት ተከታታይ ምዘና የወደቀ ማቆያ ውሉ በመንግሥት ገንዘብ እንዳይቀጥል ምክር ቤቱ ከ2009 ጀምሮ በበጀት ሕግ ደንግጓል።

ሁለተኛው የሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ነው። ሳያሳውቅ ገብቶ ይመረምራል፤ ሪፖርቱንም ለሕዝብ ያወጣል። ነገር ግን ሥልጣኑ ምክረ ሐሳብ ማቅረብ እንጂ ማዘዝ አይደለም።

ሦስተኛው በሚኒስቴሩ ውስጥ ያሉት የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤትና የስደተኞች ማቆያ እንባ ጠባቂ ናቸው። እንባ ጠባቂው በምክር ቤቱ ውሳኔ የተቋቋመ ሲሆን ከተያዦች አቤቱታ ይቀበላል። በመጋቢት (ማርች) 2025 ሚኒስቴሩ ሁለቱንም ጽሕፈት ቤቶች ባዶ ሊያደርግ የተቃረበ የሠራተኛ ቅነሳ አስታውቆ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል።

አራተኛው የምክር ቤት አባላት ናቸው። ከ2020 የበጀት ዓመት ወዲህ የወጡ ሕጎች አስቀድመው ሳያሳውቁ ማቆያ እንዲጎበኙ ይፈቅዱላቸዋል። ሚኒስቴሩ በ2025 የአንድ ሳምንት ማስታወቂያ ሲጠይቅ አባላቱ ከሰውታል።

ፍርድ ቤት ደግሞ በተናጠል ክስ ሲቀርብለት ጣልቃ ይገባል። ከሁሉም በግልጽ የማዘዝ አቅም ያለውም እሱ ነው።

ማየት ብቻውን አይበቃም

በ2018 ዋና ኢንስፔክተሩ የአይስ ምዘናዎች ዘላቂ ለውጥ እንደማያመጡ ጽፏል። አንዱ ችግር ማቆያዎቹ የምዘናውን ቀን አስቀድመው ማወቃቸው ነበር። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያው አደላንቶ ማቆያ በድንገት የገቡ መርማሪዎች ከጎበኟቸው 20 ክፍሎች በ15ቱ ያህል ከአንሶላ የተገመዱ ገመዶች ተንጠልጥለው አገኙ፤ ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ማቆያ አንድ ተያዥ በአንሶላ ራሱን አጥፍቶ ነበር።

በመጋቢት (ማርች) 2022 ደግሞ በኒው ሜክሲኮ የቶራንስ ካውንቲ ማቆያ ከግማሽ በሚበልጡት ክፍሎች የውኃና የሽንት ቤት ብልሽት በመገኘቱ ኢንስፔክተሩ ተያዦች ሁሉ በአስቸኳይ እንዲወጡ አሳሰበ። አይስ አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት ነሐሴ (ኦገስት) በዚህ ማቆያ የነበረ ወጣት ብራዚላዊ ጥገኝነት ጠያቂ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ሕይወቱ አለፈ።

የሙስሊም ተያዥ መብቶች

የ2011ዱ መመዘኛ ተያዦች እምነታቸውን በተመጣጣኝ ሁኔታ እንዲፈጽሙ ያዛል፤ ገደቡ የጸጥታና የሥርዓት ምክንያት ብቻ ነው። ቁርኣን፣ መስገጃ፣ ኮፍያና ሒጃብ በዚህ ይካተታሉ። ከሃይማኖት ጋር የሚስማማ ምግብ መጠየቅ ይቻላል፤ በረመዳን የሚጾም ሰውም ምግቡ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ከዚህ በላይ በ1993 የወጣው የሃይማኖት ነፃነት ማስመለሻ ሕግ የፌዴራል መንግሥትን ያስገድዳል።

በተግባር ግን ክርክር ይነሣል። በ2020 በማያሚው ክሮም ማቆያ የነበሩ ሙስሊሞች የተሰጣቸው ምርጫ የአሳማ ሥጋ ያለበት ምግብ ወይም ጊዜው ያለፈበት ሐላል ምግብ እንደነበር ጠበቆቻቸው ለመንግሥት ጽፈዋል። አይስ የሃይማኖት ምግብ ይከለክላል የሚለውን ክስ ሐሰት ብሎታል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ የተያዘውን ሰው ባለ «ኤ» መለያ ቁጥርና የትውልድ አገር ይያዙ፤ በአይስ ድረ ገጽ የት እንዳለ የሚፈለገው በእነዚህ ነው። ተያዡ ቅሬታውን በማቆያው ቅጽ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ቀኑን፣ የሆነውንና የተሰጠውን መልስ ይመዝግብ፤ ቅጂም ያስቀር። ቅሬታ በማቅረቡ እንዳይበቀሉት መመዘኛው ይከለክላል። ቀጥሎ አቤቱታውን ለዋና ኢንስፔክተሩና ለአካባቢው የምክር ቤት አባል ያድርሱ። የአባሉ ቢሮ ጉዳዩን ለመከታተል የተያዡ ፊርማ ያለበት የፈቃድ ቅጽ ስለሚያስፈልገው ገና በጉብኝት ጊዜ ያስፈርሙት። ሰላት ወይም ሐላል ምግብ ከተከለከለ ጥያቄው መቼና ለማን እንደቀረበ ይጻፍ፤ ጠበቃ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሲወስደው መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ወረቀት ነው።