የዳሞታ ተራራና የወላይታ ታሪክ

ተራራ መውጣትና ታሪክ መመርመር የማይገናኙ ነገሮች ይመስላሉ። ተራራ የሚወጣው ሰው ንጹሕ አየርና ሰፊ ዕይታ ይሻል፤ ታሪክ የሚመረምረው ግን መጻሕፍት ያገላብጣል። ከሶዶ ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኘው የዳሞታ ተራራ፣ እንደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ባይሆንም፣ ሁለቱን ፈላጊዎች በአንድ መንገድ ያገናኛቸዋል። የዚህም አጭር ጽሑፍ ዓላማ የወላይታን ታሪክ ከ1887 ዓ.ም. ዘመቻ መጀመር ስሕተት መሆኑን በዚህ ተራራ ምስክርነት ማስረዳት ነው።

ዳሞታ ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ከሶዶ ተነሥቶ በእንሰትና በእርሻ መካከል ሽቅብ የወጣ ሰው፣ ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የአባያን ሐይቅ ያያል።

በተራራው ደቡብ ምዕራብ ተዳፋት ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ ዋሻ አለ። ዋሻውን በመጀመሪያ የፈረንሣይ ተመራማሪዎች፣ ቀጥሎም ስቲቨን ብራንት የመሩት ቡድን ቆፍረው መርምረውታል። ከተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች፣ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች በዚያ ይኖሩ እንደ ነበር ታውቋል። ተመራማሪዎቹም ዓለም በቀዘቀዘችበትና ብዙ አገር በደረቀበት ዘመን ይህ ደጋ ለሰው መጠጊያ ሳይሆን አልቀረም የሚል አሳብ አቅርበዋል።

ከዋሻው ዘመን ወደ ነገሥታቱ ዘመን ስንሻገር የምናገኘው የቃል ትውፊት ነው። የወላይታ ሽማግሌዎች የወላይታ ማላን ሥርወ መንግሥት ከሞቶሎሚ ያስጀምራሉ። ገድለ ተክለ ሃይማኖትም ሞቶሎሚን የዳሞት ንጉሥ ይለዋል። የዳሞትና የዳሞታ ስም መመሳሰል አሳብን የሚስብ ቢሆንም፣ የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ነገሩ ገና ጥናት ይፈልጋል።

በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ጦሩን መርተው ወላይታ ዘመቱ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦናም ቆስለው ተማረኩ። ስለዚህ ጦርነት ከጻፉት መካከል የምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ ገብረ ሥላሴና ፈረንሣዊው ቫንደርሄም ይገኛሉ። ቫንደርሄም ያየውን የጻፈው ከዘማቹ ጦር ጋር መጥቶ ነው፤ ገብረ ሥላሴም የጻፉት የዘማቹን ንጉሥ ታሪክ ነው። የተሸናፊው ወገን ግን በጊዜው ጽሑፍ አልተወም። እንግዲህ መጻሕፍቱን ብቻ የያዘ ተማሪ ወላይታን የሚያውቀው በተሸነፈችበት ቀን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዳሞታን የሚጐበኝ ሁሉ፣ በተለይም ተማሪው፣ ሁለት ነገር እንዲጠነቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ከዋሻው አንዲት ባልጩት እንኳ ለማስታወሻ ብሎ አለማንሣት ነው፤ የድንጋዩ ዕድሜ የሚታወቀው ከተኛበት አፈር ጋር ሲገኝ ስለ ሆነ፣ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ምስክርነቱን ያጣል። ሁለተኛው፣ ሲወርድ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ መጠየቅና የነገሩትን ከነተናጋሪው ስም፣ ከነቦታውና ከነቀኑ መጻፍ ነው። ድንጋዩ ካልነኩት ይቈያል፤ የሽማግሌው ቃል ግን ካልጻፉት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።