ለጎረቤት የሚያልቡት ኸሊፋ

 

የአቡበከር (ረ.ዐ) ስም ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን የሰውር ዋሻና ቢላልን (ረ.ዐ) ገዝተው ነፃ ማውጣታቸው ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ወተት ነው።

ከሂጅራ በፊት እንጀምር። የመካ ቁረይሾች ግፍ በበረታ ጊዜ አቡበከር (ረ.ዐ) ወደ እኛው አገር፣ ወደ ሐበሻ ለመሰደድ ጉዞ ጀመሩ። በርክ አል-ጊማድ ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ የቃራ ጎሳ አለቃ ኢብኑ ደጊና አገኛቸው። ሰውየው ሙስሊም አልነበረም። ነገሩን ሲሰማ ግን እንዲህ ያለ ሰው ከአገሩ ሊወጣም ሊያስወጡትም አይገባም አለ። ምክንያቱንም ዘረዘረ፤ ለድሃው ይሰጣሉ፣ ዝምድና ይቀጥላሉ፣ የደካማውን ሸክም ይሸከማሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ፣ መከራ የደረሰበትን ይረዳሉ። ከዚያም በራሱ ጥበቃ ሥር አድርጎ ወደ መካ መለሳቸው። ቡኻሪ ይህን ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ወሕይ በጀመረ ጊዜ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያጽናኑት እነዚህኑ ጠባዮች እያነሱ ነበር። ከተዘረዘሩት ውስጥ የጦር ሜዳ ጀብዱ የለበትም፤ ሁሉም በየደጃፉ የሚሠራ ነው።

በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 632) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኼራ ሄዱ፤ አቡበከርም (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሆኑ። ጊዜው ከባድ ነበር። ጎሳዎች ዘካ አንሰጥም አሉ፣ ሙሰይሊማ ነብይ ነኝ ብሎ ተከታይ አበዛ፣ የኡሳማ (ረ.ዐ) ጦር ወደ ሻም አቅጣጫ ዘመተ። ኸሊፋው ያኔ የሚኖሩት ከመዲና ዳር፣ በሱንሕ ነው። ከመሾማቸው በፊት የመንደሩን ሰዎች በጎችና ፍየሎች ያልቡላቸው ነበር። በይዓ በተደረገላቸው ጊዜ አንዲት የሰፈሩ ልጅ፣ ከእንግዲህ ከብቶቻችን አይታለቡልንም አለች።

ልጅቷ እንዲህ ብታስብ አይፈረድባትም። በእኛም ዘንድ ሰው ሲሾም ወይም ንግዱ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚያጣው ጎረቤቱ ነው። ጊዜ የለኝም ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። የኸሊፋ መመረጥ ለመዲና የመንግሥት ጉዳይ ነበር፤ ለዚያች ቤት ግን የወተት ጉዳይ ነው።

አቡበከር (ረ.ዐ) ይህን ሰሙ። ማለባቸውን እንደማይተዉ፣ ሹመቱም ከቀድሞ ጠባያቸው እንዳይለውጣቸው ተስፋ እንደሚያደርጉ ነገሯት። ኢብኑ ሰዕድ በጦበቃት ኪታባቸው እንደዘገቡት እንዳሉትም አደረጉ። እንዲያውም ወተቱ አረፋ ይኑረው ወይስ አይኑረው ብለው ልጅቷን ይጠይቋታል፤ እሷ እንደመረጠችው ያልባሉ። (ያለበ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።) ስለ አረፋው የሚጠይቋት እነሙሰይሊማ ላይ ጦር የሚያዘምቱት ሰው ናቸው!

በሱንሕ ስድስት ወር ያህል ኖሩ። አንዳንዴ በእግር፣ አንዳንዴ በፈረስ ወደ መዲና እየመጡ ሶላት ያሰግዳሉ፤ ከዒሻ በኋላ ይመለሳሉ። በኋላ ወደ ከተማው ሲዛወሩ የሕዝብ ጉዳይና ንግድ አብረው እንደማይሄዱ አይተው ንግዳቸውን ተዉ፤ ቀለባቸውም ከሙስሊሞች ገንዘብ ተቆረጠላቸው። ኸሊፋነቱ ያስተዋቸው ሥራ ይህ ነበር።