ቁጥሩና ስሙ

ከሀይሌ ጋርመንት ሆኖ የፉሪን ተራራ የሚመለከት ሰው፣ አናቱ ላይ ሳይወጣ ከፍታውን ሊያውቅ ይችላል። በሜዳው ላይ አንዲት መነሻ መስመር ለክቶ፣ ከሁለቱም ጫፎቿ ወደ ተራራው አናት ማዕዘን ቢይዝ፣ ርቀቱንም ከፍታውንም በትሪጎኖሜትሪ ስሌት ያገኘዋል። ተራራው በ1000 ሜትር አግድም ርቀት ላይ ሆኖ አናቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢታይ፣ ከተመልካቹ ዓይን በላይ 176 ሜትር ያህል ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ጥበብ በአገራችን በሰፊው ከተጠቀሙበት አንዱ ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ነው። ከ1838 እስከ 1848 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት፣ ቴዎዶላይት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ይዞ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየተዘዋወረ፣ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮች አንድ በአንድ መዝግቧል። ውጤቱም «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በተሰኘው ሥራው ከ1860 እስከ 1873 ታትሟል።

ሆኖም መሣሪያ ማዕዘንን እንጂ ስምን አይናገርም። የእያንዳንዱን ተራራ ስም የሚያውቀው የአገሬው ሰው ነበር። ዳባዲ በ1881 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም፣ ሊለካ የመጣው ሰው መስማትንም እንደተማረ ይመሰክራል። እንግዲህ በካርታ ላይ ከፍታን የሚያመለክተውን ቁጥር ስናደንቅ፣ ከጎኑ የተጻፈውን ስም ያቆየውን ባላገር ልንዘነጋው አይገባም።