የአንድ ባዕድ መድረሻ ታሪክ

በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከሚጠሩት ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ 5 ይባላል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻነቷን ካገኘች በኋላም ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ስለ ቆየ፥ የሰፈሩ ስም አልተለወጠም።

«ካርት» ሩብ ማለት ነው፤ «ኢየ» ደግሞ ባዕድ መድረሻ ነው። እንግዲህ ካርቲየ 5 ቃል በቃል ሲፈታ «አምስተኛው ሩብ» ይሆናል። ከአንድ ነገር አምስተኛ ሩብ እንደማይወጣ ሒሳብ የጀመረ ሕፃን ያውቃል። ዳሩ ግን ቃል ሲኖር ቁጥሩን ይረሳል፤ ሩብ የነበረው «ክፍል»፥ ቀጥሎም «የከተማ ክፍል» ሆነ። የእንግሊዝኛው «ኳርተር» የተገኘው ከዚሁ ቃል ነው።

የመድረሻው ምንጭ የላቲኑ «አሪዩስ» ሲሆን፥ ትርጓሜውም «የዚያ ነገር የሆነ» ማለት ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ። በዚያ ዘመን የገቡት እንደ «ኦፊሰር» ያሉት ቃላት መድረሻቸው አጠረ፤ ድምፃቸውም በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ጠነከረ። ዘግይተው የገቡት፥ እንደ «ብርጋዴር»ና እንደ «ፓዮኒር» ያሉት፥ በእንግሊዝኛ በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ይጠነክራሉ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች መድረሻውን የራሳቸው አድርገው ተራራ ለሚወጣ «ማውንቴኒር»፥ ሐራጅ ለሚመራ «ኦክሽኒር» የሚሉ ስሞችን አበጁ። በእንግሊዝኛ አንዱ መድረሻ በልዩ ልዩ ፊደል የሚጻፈው በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ኛ» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራልና። ፈረንሳዮች ከ«ሸቫል» «ሸቫልየ» እንዳሉ፥ እኛ ከፈረስ ፈረሰኛ እንላለን። ወታደር ማለት የሆነው «ሶልጀር» ደመወዝ ከሚል ቃል ስለ ወጣ፥ በአማርኛ አገባብ ደመወዝተኛ ነው። «ፕሪሚየር» ማለትም አንደኛ ማለት ነው። «ኛ» ሙያንም ተራንም እንደሚያመለክት ሁሉ፥ «ኢየ»ም በሁለቱ መስክ ውሏል።

ተማሪ የእነዚህን ቃላት አጻጻፍ በቃሉ እንዲይዝ ይታዘዛል፤ ሲሳሳትም ይቀጣል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ምክንያቱ ባልተነገረው ነገር ልጅን መቅጣት ፍርድን ማጓደል ነው። መምህሩ ከ«ፈረሰኛ» ተነሥቶ ወደ «ሸቫልየ»፥ ከዚያም ወደ «ኦፊሰር» ቢያሻግረው፥ ልጁ እንግሊዝኛውን ይማራል፤ የገዛ ቋንቋውም ሕግ ያለው መሆኑን ያውቃል።