የአኻያው ሳህን

በነጭ ሳህን ላይ በሰማያዊ ቀለም የሰፈረ አንድ የአኻያ ዛፍ፣ ሦስት ሰዎች የሚሻገሩት ድልድይ፣ ጀልባና ከበላይ የሚበሩ ሁለት ወፎች፤ አሮጌ የእንግሊዝ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች አስቀድመው የሚያውቁት ንድፍ ይህ ነው። ተረቱም የታወቀ ነው። የአንድ ቻይናዊ ባለሥልጣን ልጅ ከአባቷ ጸሐፊ ጋር ኮበለለች፤ ኋላም ሁለቱ ፍቅረኞች ወፍ ሆኑ ይባላል። ከጥንታዊት ቻይና የመጣ እየተባለ ቢተረክም እንግሊዝ አገር የተፈጠረ ነው፤ በ1849 (እ.ኤ.አ.) በአንድ መጽሔት ታትሞ ሲሰራጭ፣ ሳህኑ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመረት ቆይቶ ነበር።

እውነተኛው ታሪክ የሥራ ዘዴ ታሪክ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በእጅ የተሳለ የቻይና ሸክላ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይገባ ነበር። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1791 ይህን በብዛት ማስመጣቱን ሲተው፣ የስታፎርድሺር ሠሪዎች ገበያውን ለመያዝ ተዘጋጅተው ነበር፤ በስቶክ የሚገኘው የጆሳያ ስፖድ ፋብሪካ በ1784 ገደማ ከሚያብረቀርቀው ቅብ ሥር በሰማያዊ ቀለም የማተሙን ዘዴ አሻሽሎታልና። ሥዕሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። ሰሌዳው ሞቆ፣ ኮባልትና ዘይት የተዋሐዱበት ቀለም ከተቀባ በኋላ በስስ ወረቀት ይታተማል። ወረቀቱ አንድ ጊዜ በተተኮሰው ሸክላ ላይ ተለጥፎ ይታሻል፤ በውኃ ሲታጠብ ወረቀቱ ይለቅና ቀለሙ ይቀራል። ዘይቱ በእሳት ከተወገደ በኋላ ሳህኑ በቅብ ተነክሮ ዳግመኛ ይተኮሳል። ሰማያዊው የተመረጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ ኮባልት የእቶኑን ግለት ስለሚችል ነው።

ወረቀቱን ቆርጠው የሚያጋጥሙት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። የጠርዙ ጌጥ በቁራጭ ስለሚገጠም ሐረጉ የሚሰበርበት ወይም የሚደራረብበት ስፍራ አይታጣም። አንዳንድ ሰብሳቢ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ ይሁንና ስለ ሠሪዎቹ እጅ ከዚህ የቀረበ ምስክር የለም። ቅቡ እርሳስ ስለነበረበት በቅቡ የሚነክሩት ሠራተኞች ይመረዙ ነበር፤ ይህንንስ ሳህኑ አይናገርም።

ለዕድሜው ጀርባውን መመልከት ይበጃል። በአልማዝ ቅርጽ የተሠራው የምዝገባ ምልክት ከ1842 እስከ 1883 ያገለገለ ነው፤ የአገሩ ስም «እንግሊዝ» ተብሎ መጻፉ የተለመደው ግን የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ስላስገደደ ከ1891 ወዲህ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ሳህኖች ምንም ምልክት የላቸውም። በእነዚህ ላይ ፈላጊው የጠርዙን ሐረግ ዙሪያውን ይከተላል፤ ሙሉ ሥዕሉን በአንድ ወረቀት በማተም በኋላ ዘመን የተሠሩት በአብዛኛው መገጣጠሚያ የላቸውምና።