ፕሮቲንን የሚመዝነው ሚዛን፦ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ስለ በሽታ ምን ይነግረናል? ምንስ ሊነግረን አይችልም?

በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ቤታ በመባል ይታወቃሉ፤ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የእያንዳንዳቸው ክብደት 15,867 ዳልተን ገደማ ነው። አንድ ዳልተን የአንድ ሃይድሮጅን አቶም ክብደት ያህል ነው። ሲክል ሴል በተሰኘው የደም በሽታ በተያዘ ሰው ደም ውስጥ ግን ይኸው ሰንሰለት 15,837 ዳልተን ይመዝናል። ልዩነቱ 30 ዳልተን ብቻ ነው።

የልዩነቱ ምንጭ አንዲት ምትክ ናት። ሰንሰለቱን ከሚሠሩት 146 አሚኖ አሲዶች መካከል በስድስተኛው ቦታ መገኘት የነበረበት ግሉታሚክ አሲድ ቫሊን በተባለ ቀለል ያለ አሚኖ አሲድ ተተክቷል። በዚህ ምክንያት ኦክስጅን ሲቀንስ ሄሞግሎቢኑ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቀዩ የደም ሕዋስም የማጭድ ቅርጽ ይይዛል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ሕፃኑ በከባድ ሕመም ይሠቃያል፤ ሕክምና ካላገኘም ለሞት ሊዳረግ ይችላል።

የዚህን ያህል ጥቃቅን የክብደት ልዩነት የሚለየው መሣሪያ ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። በእርሱ እየተመራ በሕዋስ፣ በደም ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን በብዛትና በአንድነት የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ደግሞ ፕሮቲኦሚክስ ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከዚህ ዘርፍ ብዙ ተጠብቋል። የተጠበቀው ሁሉ ግን አልተገኘም፤ የት እንደተሳካና የት እንዳልተሳካ ለይቶ ማየቱ ውድ የምርመራ መሣሪያ ለመግዛት ለሚያስቡ አገራት ትርጉም አለው።

ዝሆንን ማስበረር

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄ ጄ ቶምሰን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክና በመግነጢስ ኃይል አቅጣጫ በማስቀየር በክብደታቸው መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ደቀ መዝሙሩ ፍራንሲስ አስተን መሣሪያውን አሻሽሎ በ1922 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ለመረዳት ቀላል ነው። ቅንጣቶቹ እኩል የኤሌክትሪክ ግፊት ይሰጣቸውና አየር በሌለው ቱቦ ውስጥ ይወነጨፋሉ። እኩል ሙል ካላቸው መካከል ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ ይደርሳል። የደረሱበት ሰዓት ክብደታቸውን ይናገራል።

ችግሩ ፕሮቲን ነበር። በመሣሪያው ለመመዘን ቅንጣቱ መጀመሪያ ወደ አየር መነሳትና የኤሌክትሪክ ሙል ማግኘት አለበት። ፕሮቲን ደግሞ ግዙፍና በቀላሉ የሚበላሽ ሞለኪውል ነው። እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲሰበር የሚሆነውን ያየ ሰው ሙቀት ፕሮቲንን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል።

መፍትሔው በ1980ዎቹ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አሜሪካዊው ጆን ፌን ፕሮቲኑን የያዘውን ፈሳሽ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ረቂቅ ጠብታዎች በመበተን ጠብታዎቹ ሲተኑ ፕሮቲኑ ሳይጎዳ ብቻውን እንዲቀር አደረገ። ለኖቤል ንግግሩ የሰጠው ርዕስም ለሞለኪውል ዝሆኖች ክንፍ ስለመስጠት የሚያወሳ ነበር። በጃፓን ኪዮቶ ደግሞ ኮይቺ ታናካ የተባለ በሺማዙ ኩባንያ ተቀጣሪ የሆነ ወጣት መሐንዲስ በ1985 ሁለት ነገሮችን በስህተት ቀላቀለ፤ ከደቃቅ የኮባልት ዱቄት ጋር ሊጠቀምበት ያላሰበውን ግሊሰሪን ጨመረ። መድፋቱ ብክነት መስሎ ስለታየው ድብልቁን እንዳለ በሌዘር ሞከረው። በዚያ ድብልቅ ውስጥ የነበረው ሞለኪውል ሳይሰባበር ተነስቶ ተመዘነ። ታናካ የዶክትሬት ዲግሪ አልነበረውም፤ የተማረውም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነበር። እርሱና ፌን ከስዊዘርላንዳዊው ኩርት ቩትሪክ ጋር የ2002ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋሩ። ዛሬ በየላቦራቶሪው በስፋት የሚሠራበት የሌዘር ዘዴ በይበልጥ የጀርመናውያኑ የፍራንዝ ሂለንካምፕና የሚካኤል ካራስ ሥራ መሆኑ መጠቀስ ይገባዋል፤ ሽልማቱ እነርሱን መዝለሉም በወቅቱ አከራክሯል።

ዘረመሉ ካለ ፕሮቲን ለምን?

አባጨጓሬና ከእርሱ የምትወጣው ቢራቢሮ አንድ ዓይነት ዘረመል አላቸው። የሚለያዩት በሥራ ላይ ባሉት ፕሮቲኖች ነው። የሰው ልጅም እንዲሁ ነው፤ የጉበቱና የዓይኑ ሕዋስ የሚጋሩት ዘረመል አንድ ሆኖ ሳለ ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ዘረመል ሊሆን የሚችለውን ሲናገር ፕሮቲን አሁን እየሆነ ያለውን ያሳያል። አውስትራሊያዊው ማርክ ዊልኪንስ በ1994 በአንድ ሕዋስ ወይም አካል ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች በሙሉ ፕሮቲኦም ብሎ የሰየመውም ከዚህ በመነሳት ነው።

ሥራው ግን ከዘረመል ንባብ እጅግ ይከብዳል። ፕሮቲን የሚያመርቱት የሰው ዘረመሎች 20 ሺህ ገደማ ቢሆኑም እያንዳንዱ ፕሮቲን ከተሠራ በኋላ ሊቆረጥ፣ ፎስፌት ወይም ስኳር ሊለጠፍበት ይችላል። መጠናቸውም ፈጽሞ አይቀራረብም። በደም ፕላዝማ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልቡሚን የተባለ አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው። ሐኪሞች የሚፈልጓቸው አንዳንድ የበሽታ ምልክቶች ደግሞ ከአልቡሚን ከአሥር ቢሊዮን ጊዜ በላይ ያነሱ ናቸው። በገበያ ቀን ከሚጮኸው ሕዝብ መካከል የአንድን ሰው ሹክሹክታ እንደመስማት ነው።

ተመራማሪዎች በአብዛኛው ፕሮቲኖቹን ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ይቆራርጧቸዋል። ትሪፕሲን የሚቆርጠው ሁለት የታወቁ አሚኖ አሲዶች ያሉበት ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ ቁርጥራጮቹ አስቀድሞ ሊሰሉ ይችላሉ። መሣሪያው ቁርጥራጮቹን ይመዝናል፤ እንደገና ሰብሮም ስብርባሪውን ይመዝናል። ኮምፒውተር ውጤቱን ከዘረመል መዝገብ ጋር አስተያይቶ የየትኛው ፕሮቲን አካል እንደሆኑ ያወጣል። በካምብሪጅ የነበረው ቨርነን ኢንግራም በ1950ዎቹ የሲክል ሴልን ምስጢር የፈታው በዚሁ ኢንዛይም ሄሞግሎቢንን ቆራርጦ ከጤነኛው የተለየችውን አንዲት ቁራጭ በማግኘት ነበር፤ ያኔ ቁርጥራጮቹን የሚለየው ግን በወረቀት ላይ ነበር።

ተስፋው የተሰነጠቀበት ቦታ

በየካቲት 2002 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ አስደናቂ ጥናት አወጣ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከጥቂት ጠብታ ደም በተገኘ የፕሮቲን ክብደት ንድፍ የኦቫሪ ማለትም የሴቶች እንቁላል ማምረቻ ካንሰርን መለየት እንደቻሉ አስታወቁ። በሙከራው ከቀረቡላቸው 50 ታማሚዎች 50ውንም ለይተዋል፤ ካንሰር ከሌላቸው 66 ሴቶች ደግሞ 63ቱን በትክክል ነጻ ብለዋል። ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተሰራጨ በኋላ በመሆኑ ዜናው ትልቅ ተስፋ አሳደረ። ኦቫቼክ በሚል ስም ምርመራውን ለገበያ ለማቅረብ ዝግጅት ተጀመረ።

በሂዩስተን ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የሚሠራው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኪት ባገርሊና ባልደረቦቹ ይፋ የተደረገውን መረጃ እንደገና ሲመረምሩት ግን የማይሆን ነገር አገኙ። ታማሚዎቹንና ጤነኞቹን የሚለየው ምልክት የመሣሪያው ጫጫታ እንጂ ፕሮቲን ሊኖር በማይችልበት የክብደት ክልል ውስጥ ጭምር ነበር። በኋላ በወጣ ሌላ የመረጃ ስብስብም የጤነኞቹ ናሙናዎች በአብዛኛው ቀድመው፣ የታማሚዎቹ ዘግይተው መመዘናቸው ታወቀ። የመሣሪያው ጠባይ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። በሌላ አነጋገር ሚዛኑ የለየው ካንሰሩን ሳይሆን ቀኑን ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 ምርመራው ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ አገደ፤ ኦቫቼክም ለገበያ አልበቃም።

ቁጥሮቹ ትክክል ቢሆኑ እንኳ ሌላ ጥያቄ ነበረ። ከ66 ጤነኞች ሦስቱን በስህተት ታማሚ ማለት 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ጥቂት ይመስላል። ከ2,500 ሴቶች አንዷ ብቻ ካንሰሩ ያለባት ቢሆን ግን ያችን አንዷን ለማግኘት ሌሎች 125 የሚሆኑ ጤነኞች ይደነግጣሉ፤ አንዳንዶቹም ያለአስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ይችላል።

ጥያቄው ሲጠብ

ዘዴው በሕክምና ውስጥ ሥር የሰደደው ሐኪሙ አስቀድሞ ጠባብ ጥያቄ በያዘበት ቦታ ነው። አሚሎይዶሲስ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ሕመም የተዛባ ፕሮቲን በልብ፣ በኩላሊት ወይም በሌላ አካል ላይ እየተከመረ ሥራቸውን ያስተጓጉላል። ይህን ሊያደርጉ የሚችሉ ፕሮቲኖች ከሠላሳ በላይ ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ለአንዱ ዓይነት ኬሞቴራፒ ሲሰጥ ለሌላው ኬሞቴራፒ ከጉዳት በቀር ፋይዳ የለውም። ዛሬ ክምችቱን ከናሙናው በሌዘር ቆርጦ በማውጣት በማስ ስፔክትሮሜትር መለየት በታላላቅ ማዕከላት የተለመደ አሠራር ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ የተከመረው ፕሮቲን የትኛው ነው? ታናካም በ2018 ከአልዛይመር ጋር የተያያዘውን የአሚሎይድ ክምችት ከደም ናሙና የሚጠቁም ዘዴ ካወጡት ተመራማሪዎች አንዱ ነበር።

በብዛት የሚሠራበት ቦታ ግን የባክቴሪያ ላቦራቶሪ ነው። ከታማሚው ናሙና የበቀለው ባክቴሪያ በብረት ሰሌዳ ላይ ይቀባል፤ በላዩ ኬሚካል ይጨመርበትና ሌዘር ይተኮስበታል። የፕሮቲኖቹ ክብደት እንደ ጣት አሻራ ሆኖ ስሙን በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣል። ከዚህ በፊት ይኸው ሥራ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ መሣሪያዎችን በ2013 ፈቅዷል።

ለአፍሪካ ቀንድና ለምሥራቅ አፍሪካ ጠቀሜታው ግልጽ ቢመስልም ውስንነቱን ከዋጋው ጋር አብሮ መመዘን ያስፈልጋል። መሣሪያው በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፤ የአንዱ ናሙና ወጪ ግን አነስተኛ ነው። የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክና በቅርብ የሚገኝ የጥገና ባለሙያ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን በአካባቢያችን ጎልተው የሚታዩ አንዳንድ በሽታዎች ላይ ይቸገራል። የተቅማጥ በሽታ የሚያመጣውን ሺጌላን ከተራው ኢ ኮላይ መለየት ይከብደዋል፤ ሁለቱ እጅግ ይቀራረባሉና። ሳልሞኔላ መሆኑን ቢያውቅም የታይፎይዱ ዓይነት መሆኑን በተለመደው አሠራር አያረጋግጥም። ባክቴሪያው የትኛውን አንቲባዮቲክ እንደተላመደም በራሱ አይናገርም። ባክቴሪያውን ማብቀል የማይችል ሆስፒታል ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህን ማድረግ የሚችል ላቦራቶሪ ነው።

ወደ ሲክል ሴል ስንመለስ፣ አንዳንድ የአውሮፓ ላቦራቶሪዎች ከአራስ ሕፃን ተረከዝ በወረቀት ላይ የተወሰደን ጠብታ ደም በማስ ስፔክትሮሜትር ይመረምራሉ። በተወለዱበት ሰሞን አብዛኛው ሄሞግሎቢን የጽንስ ጊዜው ዓይነት ስለሆነ የሚፈለገው ሰንሰለት ጥቂት ነው፤ ሚዛኑ ግን ይደርስበታል። ኡጋንዳ በበኩሏ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን የመረመረችበትንና ውጤቱ በ2016 ይፋ የሆነውን አገር አቀፍ ጥናት ያካሄደችው ያለዚህ መሣሪያ ነበር። ለኤችአይቪ ምርመራ ከየጤና ጣቢያው ወደ ካምፓላ ተልኮ የነበረው የደረቀ ደም ኤሌክትሮፎረሲስ በተባለው የቆየና ርካሽ ዘዴ እንደገና ተመረመረ። ሄሞግሎቢኖቹ የተለዩት በክብደታቸው ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሙላቸው ነው። ከሕፃናቱ 13.3 በመቶው የበሽታው ዘረመል ተሸካሚዎች፣ 0.7 በመቶው ደግሞ በሽታው ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል።